የስፖርት ኢ-ቡክ በስልክ መሸጥ፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላላችሁ አሠልጣኞች፣ ከፋይሉ እስከ ክፍያው

የመጀመሪያውን ኢ-ቡኬን ያወጣሁት አንድ ማክሰኞ ማታ ነው። ፖስተር ለጠፍኩ፣ «ለማዘዝ ኢንቦክስ» አልኩ፣ ስልኬን ሎከር ውስጥ ከትቼ ሥልጠና ገባሁ። ስወጣ 11 ሰው «ስንት ነው?» ብሎ ጠይቋል። ለሁሉም መለስኩ። ሁለት ሰው ገዛ። ዘጠኙ መልሴን ዛሬም አልከፈቱትም። ከገዙት አንዷ ደግሞ በማግስቱ ደወለች፦ «ወንድሜ፣ ሁሉም ሳጥን ሳጥን ሆኖ ነው የሚታየኝ።»

ከዚያ ወዲህ ብዙ አሠልጣኞች እዚያው ጉድጓድ ሲገቡ አይቻለሁ። ፖስተሩ ያምራል፣ ላይኩ ይመጣል፣ ብር የለም። ገንዘቡ ፈሶ የሚቀረው ገዢው «ስንት ነው?» ካለበት ደቂቃ አንስቶ ፋይሉ ስልኩ ላይ እስኪከፈት ባለው መሃል ነው። እዚያ ላይ ረዘም እላለሁ፣ ሌላውን ቶሎ ቶሎ አልፈዋለሁ።

## ከመጀመራችሁ በፊት አዘጋጁ

- ያለቀ ጽሑፍ። «ግማሹን ሸጬ ግማሹን እጽፋለሁ» ጠብ ያመጣል።
- ራሳችሁ ያነሳችኋቸው ፎቶዎች። ከኢንተርኔት የወረደ የፈረንጅ ጡንቻ አይሁን። የሌላ ሰው ንብረት ነው፣ ደግሞም ገዢው ያውቀዋል።
- በራሳችሁ ስም የተከፈተ ቴሌብርና አንድ የባንክ ሂሳብ። ሽፋኑ ላይ ያለው ስምና ሲከፍሉ የሚወጣው ስም ካልገጠመ ሰው እዚያው ያቆማል።
- ለሽያጭ ብቻ የሚሆን ሁለተኛ ሲም ካርድ።
- አንድ ደብተር። አዎ፣ የወረቀት። መብራት ሲሄድ የማይጠፋ መዝገብ ያስፈልጋችኋል።
- የግብር ከፋይ ቁጥርና ንግድ ፈቃድ። ከመጀመሪያው ሽያጭ በፊት በአካባቢያችሁ ንግድ ጽሕፈት ቤት ጨርሱት።

አማዞንን የምታስቡ ካላችሁ ለጊዜው ተዉት። የአማዞን ኪንድል ለኢ-ቡክ ከሚቀበላቸው ቋንቋዎች መሃል አማርኛ የለም። ገዢያችሁ ቴሌግራም ላይ ነው።

## ደረጃ 1፦ ለማን እንደሆነ ቁረጡ

«ለሁሉም ሰው የሚሆን የስፖርት መመሪያ» ማንም አይገዛም። አንድ ሰው በዓይነ ሕሊናችሁ አስቀምጡ።

ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ የምትሠራ ልጅ ትሁን። ስምንት ሰዓት ቆማ ውላ አንድ ክፍል ቤቷ ትገባለች። ጂም የምትሄድበት ሰዓት የላትም። ለእሷ የሚሆነው ስጋጃ በምታህል ቦታ፣ ያለ መሣሪያ፣ በቀን 25 ደቂቃ የሚሠራ ነገር ነው። ወይም ደሴ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሱቅ ተቀምጦ የሚውል፣ ሆዱ የወጣ፣ ዳገት ሲወጣ የሚያለከልክ የ40 ዓመት ሰው ይሁን። ሁለቱ አንድ መጽሐፍ አይገዙም።

አንዱን ከመረጣችሁ በኋላ፦

1. ርዕሱ ላይ ቦታውን፣ ደቂቃውንና ሳምንቱን ጻፉ። «ቤት ውስጥ፣ ያለ መሣሪያ፣ በቀን 25 ደቂቃ፣ 8 ሳምንት» በቂ ነው።
2. ኪሎ ቃል አትግቡ። «በ7 ቀን 10 ኪሎ» የሚል ሽፋን የመጀመሪያ ሳምንት ይሸጥ ይሆናል፣ በሁለተኛው ሳምንት ስማችሁን ይዞ ይሄዳል። ደሴ ትንሽ ከተማ ናት።
3. የምግቡን ምዕራፍ ከጓዳ ጀምሩ። እንጀራ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ቅንጬ፣ በሶ፣ እንቁላል። ሳልመን የሚል ቃል ካለ አውጡት።
4. የጾም ምዕራፍ ጨምሩ፣ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም። ወሎ ውስጥ እየጻፋችሁ ረመዳንን ከዘለላችሁ ግማሹን ገዢ በራሳችሁ እጅ ሸኛችሁት። ከማፍጠሪያ በፊት ምን ያህል ቀለል እንደሚል፣ ከባዱ እንቅስቃሴ ከመግሪብ በኋላ መቼ እንደሚሠራ በሰዓት አስቀምጡ።

## ደረጃ 2፦ የጤናውን ገጽ ከሁሉም አስቀድሙ

ይህ ገጽ መጨረሻ ላይ በትንሽ ፊደል አይቀመጥም። ከመጀመሪያው እንቅስቃሴ በፊት ሙሉ ገጽ ስጡት። ጥያቄ አድርጋችሁ ጻፉ፦ ደረትህን ያምሃል? ስትንቀሳቀስ ያዞርሃል? ደም ግፊት፣ ስኳር፣ የልብ ችግር አለብህ ተብለሃል? እርጉዝ ነሽ? ለአንዱም «አዎ» ያለ መጀመሪያ ሐኪም ያማክር።

ከፍታውንም አትርሱ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ሳንባ ግን ልዩነቱን ያውቀዋል። ከቆላ የመጣ ሰው ደሴ ላይ የመጀመሪያውን ሳምንት በግማሽ ፍጥነት ይጀምር ብላችሁ ጻፉ።

ልኩ ስንት እንደሆነ ለሚጠይቋችሁ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረውን አስገቡ፦ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በዚያ ላይ ቢያንስ ሁለት ቀን የጡንቻ ማጠንከሪያ። የእናንተ ፕሮግራም ከዚህ የት እንደሚያርፍ አሳዩ። ሕክምና እንደምትሰጡ ግን አታስመስሉ።

## ደረጃ 3፦ ፋይሉን ለስልክ ሥሩት

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ጽሑፉ ኮምፒውተር ላይ በትልቅ ወረቀት ልክ ይሠራል። ገዢው በስልክ ሲከፍተው ፊደሉ የጉንዳን እግር ያህላል። በጣቱ ያሰፋል፣ ወደ ግራ ይጎትታል፣ ወደ ቀኝ ይጎትታል፣ ፑሽ አፑን ሳይጀምር ይደክመዋል።

1. የገጹን መጠን ኤ6 አድርጉት። የኤ4 ሩብ ነው፣ ስልክ ላይ ሳይሰፋ ይነበባል።
2. ፊደሉን 11 ወይም 12 ነጥብ አድርጉ። በአንድ ገጽ አንድ እንቅስቃሴ፦ ከላይ ፎቶ፣ ከታች አራት አጭር ትእዛዝ።
3. ዩኒኮድ ፊደል ተጠቀሙ፣ ማለትም ስልክም ኮምፒውተርም በአንድ ዓይነት ኮድ የሚያውቀውን። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ይሆናል፣ ሁለቱም ነጻ ናቸው። በድሮ የጽሕፈት ፕሮግራም የተተየበ ጽሑፍ ካላችሁ እንደገና አስተይቡት። መገልበጥ አያዋጣም።
4. ወደ ፒዲኤፍ ስትቀይሩ ፊደሉ ፋይሉ ውስጥ አብሮ እንዲገባ የሚያዘውን ምርጫ አብሩ። የእኔ «ሳጥን ሳጥን» የመጣው ይህን ስለዘለልኩ ነው።
5. ፎቶዎቹን አሳንሱ። ሙሉው ፋይል ከ10 ሜጋባይት አይለፍ። ሰው ዳታ የሚገዛው በብሩ ነው።
6. ቪዲዮ ካላችሁ ፋይሉ ውስጥ አትክተቱ። በግል የቴሌግራም ቻናል ላይ 15፣ 15 ሰከንድ እያደረጋችሁ ጫኑ። ቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁ ማስተላለፍንና ማስቀመጥን ዝጉ።

ፍተሻ። ፋይሉን ሦስት ስልክ ላይ ክፈቱ፤ አንዱ ርካሽና ስክሪኑ የተሰነጠቀ ይሁን። ከዚያ መፈለጊያው ላይ አንድ የአማርኛ ቃል ጻፉ፣ ለምሳሌ «ጉልበት»። ካገኘው ፊደሉ ትክክል ነው። ቃሉ መጽሐፉ ውስጥ እያለ «የለም» ካላችሁ ወደ ቁጥር 3 ተመለሱ።

ሳጥን ከታየ፦ ፊደሉ አልገባም፤ ቁጥር 4ን ድገሙ። ገጹ ሲገለጥ ከተንቀራፈፈ፦ ፎቶው ከብዷል። ፎቶው ከደበዘዘ፦ ፋይሉን በስክሪንሾት ሠርታችሁታል፣ ዋናውን ፎቶ አስገቡ።

## ደረጃ 4፦ አምስት ሰው ላይ ሞክሩት

አምስቱም ጓደኛ አይሁኑ፤ ጓደኛ «አሪፍ ነው» ይላል። ቢያንስ ሁለቱ በሕይወታቸው ስፖርት ሠርተው የማያውቁ ይሁኑ። ስልኩን ስጧቸውና ዝም ብላችሁ እዩ። አታብራሩ። እጃችሁን እጠፉ።

እኔ የሞከርኩት ኮምቦልቻ ያለችው አክስቴ ላይ ነው። ፕላንክ የሚለው ገጽ ላይ «ክርናችሁን ከትከሻ በታች አድርጉ» ብዬ ነበር። አክስቴ ምንጣፉ ላይ ተኛች፣ ክርኗን ጎኗ ላይ ለጠፈች፣ ቀና ብላ አየችኝ። «ይኸው ከትከሻዬ በታች ነው፣ ልጄ። ከዚያስ?» ልክ ነበረች። ክርን ሁልጊዜም ከትከሻ በታች ነው! ያን ማታ እንዲህ ብዬ ቀየርኩት፦ «በሆዳችሁ ተኙ። ክርናችሁን በትከሻችሁ ትክክል መሬት ላይ አሳርፉ። አሁን ጉልበታችሁንና ሆዳችሁን ከመሬት አንሡ።» ሌላ ሰው ጠይቆኝ አያውቅም።

ሰው ቆም ብሎ ወደ እናንተ ባየ ቁጥር ያ ገጽ ላይ ምልክት አድርጉ፣ ማታ አስተካክሉት።

## ደረጃ 5፦ ዋጋ

አንድ ዋጋ ይኑራችሁ፣ ፖስተሩ ላይ በግልጽ ጻፉት። «ዋጋ በኢንቦክስ» ማለት ሰውን በር ላይ ማቆም ነው። ለአንድ ወር ጂም ከሚከፈለው በግማሽ ጀምሩ። እዚህ ለምሳሌ 200 ብር እንበል።

ሰው ይከራከራል። ሰኞ ገበያ ተከራክሮ ያደገ ሰው ለፒዲኤፍ ዝም አይልም። ለአንዱ 150 ከሸጣችሁ ግን ማታውኑ ስክሪንሾቱ በግሩፕ ይዞራል። ዋጋውን አትንኩ፤ ከዚያ ይልቅ የሁለት ሰው ዋጋ አዘጋጁ፦ «ከጓደኛሽ ጋር ከገዛሽ ለሁለት 300።» አብረው የጀመሩ ሰዎች አብረው ይቀጥላሉ፣ ለእናንተም ወሬው ይሰፋል።

## ደረጃ 6፦ ከመሸጣችሁ በፊት ሦስት ሳምንት ስጡ

የመሸጫ ቴሌግራም ቻናላችሁን ከፍታችሁ በዚያው ቀን ዋጋ አትለጥፉ። ለሦስት ሳምንት፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ አንድ ስህተትና ማስተካከያውን የሚያሳይ የ20 ወይም የ30 ሰከንድ ቪዲዮ ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ ልቀቁ። «ስኳት ስትሠሩ ጉልበታችሁ ወደ ውስጥ ከገባ እንዲህ አድርጉ።» በቃ። ሙዚቃውን ቀንሱ። ቤት ውስጥ የሚሠራ መጽሐፍ እየሸጣችሁ የጂም መስታወት ፊት አትቀረጹ፤ ቤታችሁ ውስጥ፣ ሶፋው አጠገብ ቆሙ።

በሦስተኛው ሳምንት የመጀመሪያውን ሳምንት ፕሮግራም በስድስት ገጽ በነጻ ልቀቁ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ዋጋውና ስልኩ ይኑር። ይህን ፋይል እንደፈለጉ ሼር ያድርጉት፣ ማስታወቂያችሁ እሱ ነው።

ወቅት። ብዙ ሰው መስከረም ላይ ያወጣል፣ «አዲስ ዓመት አዲስ ሰውነት» ብሎ። እኔ አልመክርም። መስከረም ላይ የሰው ኪስ በደብተርና በዩኒፎርም ተራግፏል። የእኔ ወር ኅዳር ነው። ጥር ሠርግ አለ፣ ሙሽራውም ሚዜውም ይጨነቃል። ኅዳር 1 የጀመረ ሰው 8ኛ ሳምንቱን ታኅሣሥ 26 ይጨርሳል። የነቢያት ጾም ደግሞ ኅዳር 15 ይገባል። የጾም ምዕራፍ ጨምሩ ያልኳችሁ ለዚህም ነው።

ሴት ገዢዎች። ወንድ ከሆናችሁ ይህን በደንብ አንብቡት። ብዙ ሴቶች ስለ ሰውነታቸው ለማያውቁት ወንድ መጻፍ አይፈልጉም፣ ልክም ናቸው። እህታችሁን ወይም ሴት ባልደረባችሁን መልስ ሰጪ አድርጉ፣ ፖስተሩ ላይም «ለሴቶች መልስ የምትሰጠው ሴት ናት» ብላችሁ ጻፉ። ለሥራዋ ክፈሏት።

የሚከፈልበት ማስታወቂያ ፌስቡክ ላይ ካሰባችሁ «በፊትና በኋላ» የሚባለውን ጎን ለጎን ፎቶ አታስገቡ፤ የፌስቡክ ባለቤት ሜታ የሰውን ሰውነት እንዲህ የሚያነጻጽር ማስታወቂያ ይከለክላል።

## ደረጃ 7፦ ክፍያ መቀበልና ፋይሉን ማድረስ

ቅደም ተከተሉን አትቀያይሩ።

1. መልሱን አስቀድማችሁ ጽፋችሁ አስቀምጡ። ሰው ሲጠይቅ ለጥፉ፦ «ሰላም፣ እንኳን ደህና መጡ። 200 ብር ነው። ቴሌብር ወይም ባንክ ይሆናል፣ ቁጥሩ ከታች አለ። ሲከፍሉ የሚወጣው ስም ሽፋኑ ላይ ያለው ስሜ ነው። ከከፈሉ በኋላ ሙሉ ስምዎንና የግብይት ቁጥሩን ይላኩልኝ። ፋይሉን በ10 ደቂቃ ውስጥ እልካለሁ።»
2. የመልስ ሰዓት ወስናችሁ ቻናሉ አናት ላይ ስቀሉ። ለምሳሌ ከጠዋቱ 1 እስከ 3፣ ከምሽቱ 1 እስከ 4። ፖስተር የምትለጥፉት በእነዚህ ሰዓቶች ብቻ ነው። የእኔን ማክሰኞ አስታውሱ።
3. ክፍያውን በራሳችሁ ስልክ አረጋግጡ። ቴሌብር ከ127 መልእክት ይልክላችኋል። የንግድ ባንክ ግብይት ቁጥር በእንግሊዝኛው ኤፍና ቲ ፊደል ይጀምራል። የብሩን መጠን፣ የላኪውን ስም፣ የግብይት ቁጥሩን አስተያዩ።
4. ደብተሩ ላይ ጻፉ። ቀን፣ ስም፣ ስልክ፣ የግብይት ቁጥር፣ የተላከበት ሰዓት።
5. ፋይሉ ላይ የገዢውን ስምና የስልኩን የመጨረሻ አራት ቁጥር አትሙ። በየገጹ ግርጌ፣ ፈዘዝ ባለ ቀለም። ዋተርማርክ የሚጨምር ነጻ የፒዲኤፍ መተግበሪያ ስልክ ላይ ይገኛል፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።
6. ላኩ፣ ከዚያ ጠይቁ። «ተከፈተልዎ?» ይህች አንዲት ቃል ቅሬታውን ሁሉ ትቀንሳለች።

የክፍያ ስክሪንሾት ስላያችሁ ብቻ ፋይል አትላኩ። በአንድ ሳምንት ውስጥ አራት የውሸት ደረሰኝ መጥቶልኛል። አንዱ የሌላ ሰው ነበር፣ ቀኑ ብቻ ተለውጧል። የሚያሳፍረው፣ ሁለቱን አምኜ ልኬያለሁ። አሁን ብሩ ሂሳቤ ላይ ካልታየኝ የአጎቴ ልጅም ቢሆን ይጠብቃል።

ሲበላሽ፦

- «ከፍያለሁ» ይላል፣ እናንተ ጋ የለም። የግብይት ቁጥሩን ተቀበሉ፣ «አብሽሩ፣ እንደገባ እልካለሁ» በሉ፣ ሂሳባችሁን ራሳችሁ ክፈቱና እዩ። የመልእክት መዘግየት ብርቅ አይደለም። አትሳደቡ።
- ሁለቴ ከፈለ። ሳይጠይቅ በዚያው ቀን መልሱ። ከዚህ የተሻለ ማስታወቂያ አላየሁም።
- «በስህተት ልኬልህ ነው፣ መልስልኝ» የሚል ስልክ መጣ። መጀመሪያ ቀሪ ሂሳባችሁን እዩ። ብዙ ጊዜ የመጣው ከግል ቁጥር የተላከ የውሸት መልእክት ነው፣ ብር አልገባም። የሚስጥር ቁጥር ወይም በመልእክት የመጣ ኮድ ለማንም አትንገሩ።
- መብራትና ኢንተርኔት ጠፋ። ፖስተር ለጥፋችሁ ከሆነ ሌላ ከተማ ላለ ዘመድ ወይም ጓደኛ ደውላችሁ ቻናሉ ላይ «ኢንተርኔት የለም፣ ነገ ጠዋት ይደርሳችኋል» አስብሉ። ስለዚህ ሌላ ከተማ ያለ አንድ የታመነ ሰው ቀድማችሁ አስተዳዳሪ አድርጉ።

## ደረጃ 8፦ ፋይሉ ሲዘረፍ

ይዘረፋል። ይህን አምናችሁ ግቡ። በይለፍ ቃል መቆለፍ ሞክሬያለሁ፤ ሌባውን አላስቆመም፣ ታማኙን ገዢ ግን «ረሳሁት» እያሰኘ በየሳምንቱ አስደወለብኝ። ስም ማተም ይሻላል። ስሙ ያለበትን ፋይል ግሩፕ ላይ ለመጣል ሰው ሁለቴ ያስባል።

ከተለቀቀ በዚህ ተራ ሂዱ፦

1. የተለቀቀበትን ቦታና ስሙን ስክሪንሾት ያዙ።
2. ስሙ ለታተመው ሰው በግል ጻፉ፣ በትሕትና። ብዙ ጊዜ እሱ ራሱ ለእህቱ ልኮ፣ እህቱ ለግሩፕ ልካ ነው።
3. የግሩፑን አስተዳዳሪ እንዲያነሳ ጠይቁ። እምቢ ካለ ለቴሌግራም የቅጂ መብት ጥሰት ብላችሁ ሪፖርት አድርጉ።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራችሁን ከተፈጠረበት ጊዜ ጀምሮ ይጠብቀዋል፣ ሳታስመዘግቡም። ክርክር ቢመጣ ግን ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ለዚያ የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ዘንድ ማስመዝገብ ይቻላል። ለአንድ ግሩፕ ብላችሁ ግን ሌሊት አትደሩ። በዚያ ሌሊት ሁለት ቪዲዮ ይቀረጻል።

## ደረጃ 9፦ ከሸጣችሁ በኋላ

ደብተሩን አውጡ። ለእያንዳንዱ ገዢ በ3ኛው ቀን ጻፉ፦ «ጀመሩ? የት ገጽ ላይ ነዎት?» ሰው የሚያቆመው እዚህ ነው። ሰውነቱን ያመዋል፣ ደረጃ ሲወርድ ጭኑ ይንቀጠቀጣል፣ «ተጎዳሁ» ብሎ ይፈራል። የመጀመሪያ ሳምንት ሕመም በሁለት ሦስት ቀን እንደሚለቅ፣ መገጣጠሚያ ላይ የሚወጋ ሕመም ግን ማቆሚያ ምልክት እንደሆነ ንገሩት።

በ10ኛው ቀን አንዴ፣ ሲጨርስ አንዴ ጻፉ። የጨረሰ ሰው ጥሩ ቃል ከጻፈላችሁ ቻናሉ ላይ ከማውጣታችሁ በፊት «ልለጥፈው? ስምዎ ይታይ ወይስ ይሰወር?» በሉና የጽሑፍ እሺታ ተቀበሉ። ፎቶ ከሆነ ፊቱን ሸፍኑ፣ ካልፈለገ ተዉት።

ሦስት ሰው ስለ አንድ ገጽ ከጠየቃችሁ ጥፋቱ የገጹ ነው። አስተካክሉት፣ ሽፋኑ ላይ «2ኛ እትም» ብላችሁ ጻፉ፣ ደብተሩ ላይ ላሉት በሙሉ በነጻ ላኩ። የእኔ ደብተር ላይ የመጀመሪያው ስም የዚያች «ሳጥን ሳጥን» ያለችው ልጅ ነው። ሁለተኛውን እትም ስልክላት የመለሰችው አንድ መስመር ነው፦ «አሁን ይነበባል። ለእህቴም አንድ ልከፍል ነው፣ ቁጥሩን ላክልኝ።»